ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምሮ የት ይሠራል?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለዓለም አቀፍ ግንኙነት የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ ቀኑን ሥራ ውላችሁ ነው የመጣችሁት። ደክሟችሁም ቢሆን ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ይህን ትምህርት የጀመረ ሰው ከዘመድ አዝማድ የማያመልጠው ጥያቄ አለ። «ተመርቀህ የት ልትሠራ ነው?» የሚጠበቀው መልስም የታወቀ ነው። ዩኤን፣ አፍሪካ ኅብረት፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ፣ ካልሆነም አንድ ትልቅ ኤንጂኦ። ከተማችን ለዚህ ምኞት የተመቸች ናት። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኢሲኤ የምንለው፣ በ1958 እዚሁ ተቋቋመ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1963 እዚሁ ተመሠረተ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በታክሲ ሲመላለስ የኅብረቱን ረጅም ሕንፃ በመስኮት እያየ ያደገ ልጅ «አንድ ቀን እዚያ እገባለሁ» ቢል አይፈረድበትም።

እኔም ምኞቱን ልነቅፍ አልመጣሁም። ይዤው የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ሁለተኛ ዲግሪያችሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ለአንድ ጉዳይ እንዲያዘጋጃችሁ አድርጉ። ዕዳ ጉዳይ ነው። ድንበር ተሻጋሪ ውሃ ጉዳይ ነው። ስደት፣ ንግድ፣ ወረርሽኝ፣ ተኩስ አቁም ጉዳይ ናቸው። መሥሪያ ቤት ሲከፈትም ሲዘጋም እነዚህ አብረውት አይዘጉም።

2025ን አስታውሱ። ጃንዋሪ 20 ቀን፣ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር ሥራ በጀመረበት ዕለት፣ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ። ከ1961 ጀምሮ የነበረው የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተነ። የተረፈው ሥራ ጁላይ 1 ላይ ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ሚኒስቴሩ ራሱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞቹን አሰናበተ። እንግዲህ እነዚህ ተማሪዎች ሕይወታቸውን ሙሉ የሚመኟቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

ነገሩ ዋሽንግተን ላይ አልቀረም። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ውስጥ የዚህን እርዳታ ትልቅ ድርሻ ከሚቀበሉት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እዚህ አዲስ አበባ ፕሮግራም ማናጀር፣ ግራንትስ ኦፊሰር፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ የነበሩ ሰዎች በአንድ ኢሜይል ሥራ አቁሙ ተባሉ። በጤናው ዘርፍ ብቻ በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ገደማ ባለሙያዎች ኮንትራታቸው እንደተቋረጠ ተዘግቧል። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ከናንተ መካከልም ይህ የደረሰበት እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን የምናገረው በጥንቃቄ ነው፤ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ የዶናልድ ፔይንን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። የኒው ጀርሲ የምክር ቤት አባል ነበሩ። በ2007 ኤችአር 2003 የተባለውን፣ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የሚናገረውን ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ዳያስፖራው ያኔ በየእንደራሴው ቢሮ ደጅ ሲጠና ከርሟል። በኋላ በስማቸው የተሰየመ የትምህርት ዕድል ነበረ። ለሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ገንዘብ ይሰጣል። ተመራቂው በምላሹ ዩኤስኤአይዲ ገብቶ በውጭ አገልግሎት ይሠራል። ውሉ ግልጽ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪዎችም ተወዳድረው አለፉ። ድርጅቱ ሲፈርስ እነዚያ ልጆች ትምህርታቸው ላይ እያሉ የሚገቡበት መሥሪያ ቤት ጠፋ። ከዚህ የበለጠ የተረጋገጠ ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። እሱም አልጸናም።

ዩኤንም ከዚህ አልዳነም። ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በማርች 2025 ዩኤን80 የተባለውን የማሻሻያ ዘመቻ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ለ2026 ያቀረቡት ሐሳብ መደበኛውን በጀት በ15 በመቶ ገደማ የሚቀንስ ነበር። ከአምስት የሥራ መደብ አንዱ ያህል እንዲታጠፍ የሚጠይቅም ነበር።

እንዲህ ዓይነት ጊዜ ሲመጣ «ታዲያ ይህን ትምህርት ለምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከጄኔቫ ልጀምር።

ጄኔቫ ውስጥ በ1927 አንድ የድህረ ምረቃ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ብቻ ለማስተማር ከተከፈቱት ቀደምቶቹ አንዱ ነው። የተከፈተው ከዩኤን በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር ጎረቤት ሆኖ ነው። ማኅበሩን ሊያጠና፣ ለማኅበሩም ዓይነት ሥራ ሰው ሊያወጣ። ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበት ያው ማኅበር ነው። ጃንሆይ ጁን 30 ቀን 1936 ቆመው የተናገሩበት፣ ቃል የገባልንን ያልፈጸመው ያው ማኅበር። በ1946 በይፋ ፈረሰ። ኢንስቲትዩቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። እንዴት ሊኖር ቻለ? ያስተምር የነበረው የማኅበሩን ደንብና መዋቅር ብቻ ስላልነበረ ነው። ሕግ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ያስተምር ነበር። ማኅበሩ ቢፈርስም የጦርነት፣ የዕዳና የስደተኛ ጉዳይ እዚያው ነበር። ሕጉም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም ያስፈልግ ነበር።

በዚያ ኢንስቲትዩት ካለፉት ተማሪዎች አንዱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ኮፊ አናን ነው። የሥራ መንገዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያ ዲግሪው በኢኮኖሚክስ፣ ሚኒሶታ ውስጥ። ከዚያ ጄኔቫ የድህረ ምረቃ ትምህርት። በ1962 የዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመረ። ዲፕሎማት ሆኖ አይደለም። የአስተዳደርና የበጀት ሠራተኛ ሆኖ ነው። በ1960ዎቹ እዚህ አዲስ አበባ ኢሲኤ ሠርቷል። ከዚያ ሥራውን ትቶ አሜሪካ ወዳለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሄደና በ1972 በማኔጅመንት ማስተርስ ያዘ። አገሩ ጋና ተመልሶ የቱሪዝም ልማት ድርጅት መራ። እንደገና ዩኤን ገባ። ስደተኞች ላይ፣ የሰው ኃይል ላይ፣ በጀት ላይ ሠራ። በ1993 የሰላም ማስከበር ኃላፊ፣ በ1997 ዋና ጸሐፊ ሆነ። ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል ተነሥቶ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። የሰላም ማስከበር ኃላፊ ሳለ በደረሰው የሩዋንዳ ዘር ማጥፋት ስሙ በክፉ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። የዛሬው ጉዳዬ ግን የሥራ መንገዱ ነው። በመሃል ቱሪዝም አለ። በመሃል ተመልሶ ተማሪ መሆን አለ። ከጀርባው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የሚጨበጥ ሙያ ነበረው። በጀት ማንበብ ይችል ነበር።

በጀት ማንበብ ስል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁ ሲቀየር አያለሁ። «ቁጥር ሸሽተን ነው እዚህ የመጣነው» የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል። እባካችሁ አትሽሹ። አንድ ምሳሌ ከራሳችን ቤት ላሳያችሁ። ወረቀት ያላችሁ ጻፉ።

ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 ዩሮቦንድ፣ ማለትም ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የምትበደርበትን ሰነድ፣ ሸጠች። አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ ለአሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ወለዱ በዓመት ስንት ይሆናል? 66 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር። ክፍያው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ለሁለት አካፍሉት። 33 ሚሊዮን ከ125 ሺህ። አሁን ዲሴምበር 2023 ላይ «ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች» ተብሎ በዓለም ሁሉ የተጻፈውን ዜና አስታውሱ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አሁን በእጃችሁ ሠርታችሁ አገኛችሁት። ስድስተኛ ክፍል ከምንማረው ሒሳብ አያልፍም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን የናንተ ሥራ ነው። መንግሥት ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን አበዳሪዎቹን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ብዬ ነው አለ። ለምን እኩልነት አስፈለገ? ኢትዮጵያ በ2021 የዕዳ ሽግሽግ የጠየቀችው ቡድን 20 የደሃ አገሮችን ዕዳ ለማሸጋሸግ ባወጣው የጋራ ማዕቀፍ ስለሆነ ነው። በዚያ ማዕቀፍ ሕግ አንዱ አበዳሪ ከሌላው የተሻለ ውል ይዞ መሄድ አይችልም። የመንግሥታት አበዳሪዎችን ኮሚቴ በጋራ የሚመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። ቦንዱን የያዙት ደግሞ የግል ባለሀብቶች ናቸው፤ ለነሱ የፓሪስና የቤጂንግ ፖለቲካ ምናቸውም አይደለም። በማርች 2025 ከመንግሥታቱ ኮሚቴ ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር በሚሆን ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ ስምምነት ተደረሰ። ከቦንድ ባለቤቶቹ ጋር ክርክሩ ቀጠለ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍም፣ በ2024 ባጸደቀው 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም በኩል መሃል ላይ ተቀምጧል።

ይህ ምንድን ነው? ፋይናንስ ነው? ዲፕሎማሲ ነው? ሕግ ነው? ሦስቱም ነው። በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ቻይና ለምን ቀስ እንደምትል የሚያውቅ፣ የውሉን አንቀጽ የሚያነብ፣ ወለዱንም የሚያሰላ መሆን አለበት። ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ ይፈልጋል። የአበዳሪዎቹ አማካሪ ድርጅቶችም ይፈልጋሉ። አሁን ደግሞ የግል ባንኮቻችን ከውጭ ባንኮች ጋር ለመወዳደር እየተዘጋጁ ስለሆነ እነሱም ይፈልጋሉ። የሥራ ማስታወቂያው ላይ ግን «ዓለም አቀፍ ግንኙነት» የሚል ቃል ላይኖር ይችላል። ማስታወቂያ ስትፈልጉ በትምህርት ክፍላችሁ ስም ብቻ አትፈልጉ የምለው ለዚህ ነው።

ዓባይም እንዲሁ ነው። ስለ ዓባይ ስሜቱ የሌለው ኢትዮጵያዊ የለም። ስሜት ግን ድርድር ክፍል ውስጥ ብቻውን ውሃ አያነሳም። በ1959 ግብፅና ሱዳን ለብቻቸው ውሃውን ሲካፈሉ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የተባለው በምን ስሌት ነው? በ2015 ስለ ህዳሴ ግድብ ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫ ስለ ድርቅ ዓመት ምን ይላል፣ ምንስ አይልም? በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ያልፈረመ አገርን ያስገድዳል? እነዚህን መመለስ የሚችል የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የውሃ መሐንዲሱ አጠገብ ተቀምጦ መነጋገር ይችላል። ያኔ መሐንዲሱም ያዳምጠዋል።

ደግሞ አንድ የምቆጭበት ነገር አለ። ስለ ኃያላን አገሮች ፉክክር የተጻፈ ቴሲስ በየመደርደሪያው ሞልቷል። ስለ ዐረብ አገሮች ግን ስንት አለ? ከሰፈራችን ሳዑዲ፣ ኢሚሬትስ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ሰው ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። በ2022 መንግሥት ከ100,000 በላይ ዜጎችን ከሳዑዲ ለመመለስ ዕቅድ ይዞ ተንቀሳቅሷል። ያን ያህል ሰው መመለስ ማለት ድርድር ነው፣ የጉዞ ሰነድ ነው፣ አውሮፕላን ነው፣ እስር ቤት ጉብኝት ነው፣ ቦሌ ላይ መቀበል ነው። የቆንስላ ሥራ ነው፤ ከባድ ዲፕሎማሲ ነው። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ የቀረባት ልጅ ኤምባሲ ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው ሰው የዚያን አገር የሥራ ሕግ ማወቅ አለበት። ዐረብኛ መናገር አለበት። መልስ ለማግኘት የትኛው ፖሊስ ጣቢያ የትኛውን መኮንን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ማፍራት ለኔ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል። በጣም ይበልጣል።

ዐረብኛ ካልኩ አይቀር ቋንቋ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአፍሪካ ኅብረት የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። ስዋሂሊ በ2022 የሥራ ቋንቋ ሆኖ ጸድቋል። አዲስ አበባ ላይ ተወልደን፣ ኅብረቱ ደጃችን ላይ ሆኖ፣ ስንቶቻችን ከእንግሊዝኛ ሌላ አንዱን እንችላለን? የሴኔጋል ወይም የካሜሩን ልጅ ሁለት ቋንቋ ይዞ ይመጣና ቦታውን ይወስዳል። አያስቀይምም፤ ሠርቶበት ነው። ቤት ፍለጋ አገር መቀየር አያስፈልጋችሁም፣ ትራንስፖርታችሁ ሩቅ አይደለም፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ እዚሁ ከተማ አለ። ሁለት ዓመት የማስተርስ ጊዜ ከቴሲሱ ጎን ለጎን አንድ ቋንቋ ለመያዝ ይበቃል። ጥርስ ነክሶ ለሚቀመጥ ሰው ማለቴ ነው።

ስለ ዩኤን ቅጥር ምንም አልተናገርክም እንዳትሉኝ፣ ማስታወቂያውን አብረን እናንብብ። የሴክሬታሪያቱ፣ ማለትም የዩኤን ጽሕፈት ቤት፣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ፒ-2 የተባለው የባለሙያ ደረጃ ማለት ባብዛኛው ማስተርስና ሁለት ዓመት ልምድ ነው። ፒ-3 አምስት ዓመት። ፒ-4 ሰባት ዓመት። ፒ-5 አሥር ዓመት። ማስተርስ የሌለው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪው ላይ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ካለው ይቆጠርለታል። ልብ በሉ፤ ዲግሪው የሁለት ዓመት ልምድ ያህል ነው የሚመዘነው ማለት ነው። ያለ ልምድ የሚገባበት ዋናው በር የወጣት ባለሙያዎች ፈተና ነው። ለሱም ዕድሜ ከ32 ማለፍ የለበትም። የሚሳተፉት አገሮች ዝርዝር ደግሞ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቀጥታ ከመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ማስተርስ የመጣችሁ፣ ልምድ ሳትይዙ ሦስተኛ ዲግሪ ለመቀጠል አትቸኩሉ። እየሠራችሁ የምትማሩ ደግሞ አሁን ያላችሁበትን ሥራ አትናቁ። ጉምሩክ የሠራ ሰው ንግድ ያውቃል። ቀይ መስቀል የሠራ ሰው እርዳታ እንዴት እንደሚደርስ ያውቃል። ትምህርቱ ያንን ልምድ የሚያስረዳ ቃልና ማስረጃ ይጨምርላችኋል።

ኢንተርንሺፑም አለ። የሴክሬታሪያቱ ኢንተርንሺፕ ክፍያ የለውም። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ኒውዮርክ ላይ ለስድስት ወር ያለ ደመወዝ መኖር የሚችለው የማን ልጅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ኢሲኤ ግን ከቤታችሁ እየበላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ፍትሐዊ ባይሆንም ዕድሉን ተጠቀሙበት።

አሁን ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ያለውን ነገር ሳላነሣ አልሄድም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሪፖርት ያሳጥራል፣ ይተረጉማል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ድሮ አዲስ የገባ ጁኒየር የሚለማመድበት ሥራ ይሄ ነበር። ማሽኑ የማይሠራው፣ አምባሳደሩ ያንን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ለምን እንደቆመ ማስተዋል ነው። ረቂቁ ላይ ያለው ቁጥር ካለፈው ዓመት ሰነድ ጋር እንደማይገጥም ማወቅ ነው። ይህ የሚመጣው ራስን አስቀምጦ ሰነዱን ከነአባሪው በማንበብ ነው። ገና ተማሪ ሳላችሁ ንባቡን ለማሽን ከሰጣችሁ በኋላ የምትፈትሹበት ዓይን ከየት ይመጣል?

መምህራኖቻችን እዚህ ስላሉ ለነሱም በአክብሮት አንድ ልመና አለኝ። ፈተናው ሁሉ የንድፈ ሐሳብ ማብራሪያ ባይሆንስ? አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪው ለሚኒስትር የሚቀርብ የሁለት ገጽ ማስታወሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጻፍ። አንድ ጊዜ የበጀት ሰንጠረዥ ተሰጥቶት ስሕተቱን ይፈልግ። አንድ ኮርስ ከሕግ ትምህርት ቤት፣ አንድ ከኢኮኖሚክስ እንዲወስድ በሩ ይከፈትለት። በየዲፓርትመንቱ መካከል ያለው አጥር ተማሪውን ይጎዳዋል። ውጭ ያሉት ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ተአምር የላቸውም።

ለናንተ ወደ ቴሲሱ ልመለስና ልጨርስ። ርዕስ ገና ያልመረጣችሁ ካላችሁ፣ «የኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ ከዚህ ዓመት እስከዚያ ዓመት» የሚለውን ተዉትና ጠባብ ጉዳይ ያዙ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2019 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም በ2025 በዚህ ሥርዓት መነገድ በይፋ ጀምራለች። በዚህ ስምምነት አንድ ሸሚዝ «አፍሪካ ውስጥ የተሠራ» የሚባለው ጨርቁ ከቻይና ቢመጣም ነው ወይስ ክሩም እዚሁ ሲፈተል ብቻ? አገሮች ለዓመታት ሲከራከሩበት የቆዩት ጥያቄ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለችውን የስፌት ሠራተኛ ይነካታል። ሰነዶቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ንግድ ሚኒስቴር ሄዳችሁ ባለሙያ ማነጋገር፣ ሐዋሳ ወርዳችሁ ፋብሪካ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስድስት ወር በዚህ ላይ የሠራ ተማሪ፣ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት ስለ ሸሚዙ ሃያ ደቂቃ ማውራት ይችላል። አማካሪያችሁን ነገ አነጋግሩ።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል።